ለጥምቀት ከመምጣትሽ በፊት

ሰላም ልጄ፣

ለጥምቀት ጓደኞችሽን ይዘሽ እንደምትመጪ ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። እናትሽ ከአሁኑ ጌሾ መግዛት ጀምራለች። «ከተማውን አባዬ ያስጎበኙናል» ማለትሽን ግን አልቀበልም። አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ። ግንቡን ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሳዋል። እኔ የምፈልገው የበሩንና የሰፈሩን ስም ከነምክንያቱ እንድትነግሪያቸው ነው። ጎንደር የንጉሥ ብቻ እንዳልነበረች የሚያስረዳው እሱ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ስሟ በ«ጎ» እንዲጀምር ትንቢት ነበር ይባላል። ይህን በመንገድ ላይ አጫውቻቸው፤ ለወግ ጥሩ ነው።

በሮቹ ጋ ስትደርሱ ግን ቀስ በይ። የቤተ መንግሥቱ ግቢ አጥር 12 በሮች አሉት። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ ያኔ ወንበር ሲባል መቀመጫው ብቻ ሳይሆን ፈራጁም ነበር። እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። ተዝካሮ በር ስሙን ያገኘው ከሙታን መታሰቢያ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው አደናግር በርን ነው፤ የጥጥ ፈታዮች በር ማለት ነው። የነዚያን ፈታዮች ስም ዛሬ የሚነግረን የለም። በራቸው ግን አሁንም በሙያቸው ይጠራል። ንጉሡማ ግንብ አለው። ለፈታይ በር መሰየሙ ነው ልቤን የሚነካው።

ከግቢው ስትወጡ እጨጌ ቤትና አቡን ቤትን አሳያቸው። የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌው አንዱ ጋ፣ ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ ሌላው ጋ ይኖሩ ነበር። እጨጌ ቤት የገባ ተሳዳጅ አይነካም ነበር። ሰው ነፍሱን ሊያተርፍ የሮጠበት ሰፈር ነው፣ እንዲሁ አትለፉት።

አዲስ ዓለምን ደግሞ እንዳትዘይው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እዚህ ሰፈር እንዲኖሩ ታዘዘ። ስሙ ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ታሪኩ ግን መለየት ነው። ጓደኞችሽ ይህንንም ሳይሸፋፈን ይስሙት። ሙስሊም ነጋዴዎቹ ከሌሉ ጎንደር ገበያ አይኖራትም ነበር።

ቁስቋም ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግሽም። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑን የሰየሙት እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደችበት በግብፁ ቁስቋም ነው። ፒያሳ ደግሞ ከጣሊያን የቀረ ስም ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። እዚያ ቡና ጠጡበት።

ብቻ ከከተራ በፊት ድረሱ። ጥር 10 ሕዝቡ ጥምቀቱ ወደሚከበርበት ወደ ቀሐ ወንዝ መጉረፍ ከጀመረ በሮቹን ተረጋግቶ ማየት አይቻልም። የአውቶቡሱን ሰዓት ደውለሽ ንገሪኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ።

አባትሽ
ጎንደር