የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ መጀመሪያ ማንበብ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ላይ ችክ ብሎ ከረመ። ከሂርማታ መርካቶ ጥገና ቤቶች የተጣሉ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተር ዋና ቦርዶች) ሰብስበን፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቀመጠባትን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ማንበብ ነበር። የብየዳ ልምምድም ነበረን፤ እሱ እንደ ወትሮው ነው።

ማንበቢያችን ሲኤች341ኤ የሚባል፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቦርድ ነው። ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ስለሆነ መብራት እልም ሲልም ሥራው አይቆምም። ጥቁሩ ዓይነት ግን ጣጣ አለው። ቺፗ የምትፈልገው 3.3 ቮልት ሆኖ ሳለ በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት የሚለቅ አለ። ቮልቱን በመለኪያ ሳይለካ ማንም እንዳይሰካ ደንብ አወጣን።

ፕሮግራሙ ፍላሽሮም ይባላል። ነጻ ነው። የሚነካ በተን የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ። የማንበቢያውን ዓይነት፣ "አንብብ" የምትለዋን ምልክትና የፋይሉን ስም በአንድ መስመር ጽፎ ኢንተር መጫን ነው። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው መልስ ግን "ቺፕ አልተገኘም" ሆነ። የቺፗን እግሮች ነክሶ ከማንበቢያው ጋር የሚያገናኘው ክሊፕ በደንብ አልነከሰም ነበር። በአልኮል ጠርገን መልሰን ስንነክስ ተገኘች። አንዳንዱ ቦርድ ላይ ግን ይሄም አልሠራም፤ ከክሊፑ የሚሄደው ኃይል ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይፈስሳል። ሶኬት ላይ የተሰኩት ቺፖች ገላገሉን፤ ነቅሎ ማንበብ ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በፋይሉ መጠን ነው። ቺፗ 64 ስትባል ፋይሉ 8 ሜጋባይት ብቻ ወጣ። "ቲቸር፣ ግማሹ እንኳ አልተነበበም!" ተባልኩ። 64ቱ ሜጋቢት ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል ልክ ይመጣል፣ 8,388,608 ባይት።

ልጆቹ ቶሎ ቺፗ ላይ መጻፍ ነው የሚያምራቸው። እኔ ግን ድርቅ አልኩ፦ ሁለት ጊዜ ይነበብ፣ ሁለቱ ፋይሎች በሻ256 (ከፋይሉ ይዘት አጭር መለያ በሚያወጣ ስሌት) ይነጻጸሩ፣ አንዲት ፊደል ከተለያየች እንደገና ይነበብ። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ኤፍኤፍ (ያልተጻፈበት ባይት የሚያሳየው ምልክት) ከሆነም አይታመንም፤ ወይ ቺፗ ባዶ ናት፣ ወይ ክሊፑ ላልቷል። ከተገኙት ፋይሎች ውስጥ የቦርዱን ሞዴልና የባዮሱን ቀን ያወጡ ልጆች ደስታ ሌላ ነበር። መለያ ቁጥር ሊኖርበት ስለሚችል ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ከልክለናል፤ ቅሬታው እስካሁን አልበረደም።

መጻፉን ለ2018 አሳድረነዋል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንቀበላለን።