ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወላጅ ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ያስረክባል። የልጆቹ ችግር የሚጀምረው ግን ድንኳኑ ሲነቀል ነው። አሳዳጊ አያት መዋጮውን መክፈል ሲያቅታቸው ስማቸው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከሁሉ በፊት ይህ ይቅር።

ለወላጅ አልባ ልጆች የሚያዋጡ እድሮች አሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገንዘቡ ከቀብሩ ካዝና ሲቀላቀል ነው፦ በአንድ ወር ሦስት ሰው ከሞተ ለልጆቹ ደብተር የተዋጣው ብር ለንፍሮ ይውላል። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻልና በሦስት ፈራሚ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። 200 አባላት በወር 10 ብር ቢጨምሩ በዓመት 24,000 ብር ነው። ለ40 ልጅ ቢበተን ለእያንዳንዱ 600 ብር ይደርሳል፣ ዩኒፎርም እንኳ አያሰፋም። ለ6 ልጅ ግን 4,000 ብር ነው። ጥቂቱን በደንብ መያዝ ይሻላል፤ የሚረዱትን ልጆች የሚመርጡት ሰዎችም የልጁ ዘመድ አይሁኑ። የዩኒፎርምና የደብተር ግዢው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይለቅ፣ መስከረም ከጠባ ልብስ ሰፊው ወረፋ ይበዛበታል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ደግሞ ወረቀት ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ልጁን በአያቱ የጤና መድህን ደብተር ማስመዝገብ፣ የሞግዚትነት ውሳኔ። ሟቹ የጡረታ መብት ከነበረው ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ድርሻ አለው፣ የሚከታተልለት ካገኘ።

ለልጆቹ የተገዛውን የትምህርት ደብተርም መድረክ ላይ ፎቶ እያነሱ ማደል ይቅር። ማታ ቤታቸው ይድረስ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ