ለልጄ፦ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተይው

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? አክስትሽ እሁድ አንቺ ጋ ጎራ ብላ ማታውኑ ደወለችልኝ። የሂቢስከሱ ችግኝ ቅጠል ዳር ዳሩ እንደተጠበሰ ነገረችኝ። አንቺም ከስተሻል አለች፣ እሱን እመጣበታለሁ።

በተከልሽው በሳምንቱ ዩሪያ በእፍኝ አደረግሽበት እንዴ? ኧረ ልጄ! ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ገና አፈር ያልያዘ ሥር ያቃጥላል። ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያም እንዳትነኪው። ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ሂቢስከስ ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛበት ብረት መውሰድ ያቅተውና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ምንም ማዳበሪያ አትስጪው።

አሁኑኑ ተነሺና ግንዱ ሥር የቀረችውን ነጭ ፍሬ ለቅመሽ ጣይ። ከዚያ ውሃ አጥግቢው፣ የሟሟው ታጥቦ ይውረድ። ከነገ ጀምሮ ግን ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ከተሽ እዪ፣ እርጥብ ከሆነ ተይው፣ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። የአዳማ ፀሐይ ይስማማዋል፣ ነፋሱ ነው አፈሩን ቶሎ የሚያደርቀው። ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሺው፣ ግንዱን እንዳይነካ አድርገሽ።

ይሄን ያህል የምቆጣው ያ ችግኝ ሐዋሳ በራችን ላይ ካለው ከአባትሽ ቀዩ አበባ የተቆረጠ ስለሆነ ነው። ሲተክለው አጠገቡ ነበርኩ። ጉድጓዱን ሰፊ አድርጎ ቆፈረ፣ ጥልቀቱን ግን ከፌስታሉ አፈር ጋር እኩል አደረገው፣ ግንዱ ከተቀበረ ይታፈናል ብሎ። አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ነው፣ ማታ ይጠቀለላል። እሱ ጠዋት የፈካውን ቀጥፎ ረከቦቱ ላይ ያኖርልኝ ነበር። ያንን ችግኝ ከማን እንዳመጣው አንድም ቀን ሳልጠይቀው ሄደ። አሁን ማንን ልጠይቅ? ጎረቤቶቹም አያውቁም፣ አክስትሽም አታውቅም። ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በይ ይሁን። አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሲጠነክር በደንብ የበሰበሰ ፍግ በትንሹ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ትሰጪዋለሽ፣ መጀመሪያ አፈሩን አርጥበሽ። የሚገዛ ካገኘሽ ፖታሲየሙ ከፍ፣ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለውን ጠይቂ። እስከዚያ ግን አትስጪው፣ በእናትሽ!

ስለ መክሳትሽ ደግሞ፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ በባዶ ሆድ ከቤት አትውጪ። ቡና ምግብ አይደለም። ሽሮና በርበሬ በነገው መኪና እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበይ፣ ለአክስትሽም አካፍያት። የችግኙን ቅጠል ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ከላይም ከሥሩም። ከሥሩ ነጭ ነጭ ነገር ካየሽ ዛሬውኑ ደውዪ።

እናትሽ