በነፃ ኦንላይን የተማርነውን ፈትኑንና ክሬዲት ስጡን፦ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ኮምቦልቻ በሂሳብ ሰራተኝነት እየሰራሁ ቅዳሜና እሁድ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ላይ በኤክስቴንሽን ምማር ሰው ነኝ። ምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ ሰው በነፃ ኦንላይን የተማረውን ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ተፈትኖ ካለፈ ክሬዲቱ (ኮርሱን እንደጨረሰ ሚያዝለት ነጥብ) እንዲቆጠርለት መመሪያ አውጡልን። ሰርተፊኬታችንን እመኑልን አላልኩም፣ ፈትኑን ነው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታትስቲክስ ኮርስ ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ሚሰጠውን ማታ ማታ ቪዲዮውን ዳውንሎድ እያደረግኩ ተማርኩት፣ መልመጃውን ሰራሁ፣ ጨረስኩ፣ ሰርተፊኬቱን ፕሪንት አድርጌ ኮሌጄ ሬጅስትራር ወሰድኩት። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና "ማህተም የለውማ" አለችኝ። ከስር ሊንክ አለው፣ ስልክሽ ላይ ክፈቺው ስሜም ውጤቴም ይመጣል አልኳት፣ ከፈተችው መጣ፣ አየችው። "ወንድሜ አምኜሀለሁ፣ ግን ይሄን ፋይልህ ውስጥ አስሬ ነገ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በየትኛው መመሪያ ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? መመሪያ አምጣልኝ፣ ዛሬውኑ እሰራልሀለሁ።" እውነቷን ነው፣ እሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። መመሪያ ሚያወጣው እናንተ ጋ ስለሆነ ነው ወደናንተ ምጽፈው። ስታትስቲክሱን ከፍዬ ድጋሚ ተማርኩት፣ ያው ሚን፣ ያው ሚዲያን፣ ያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ክፍያው ግን በክሬዲት አወር ተባዝቶ ከደሞዜ ወጣ።

እኔስ እሺ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ምሰራው። እዚህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሚሰፉ ልጆች አሉ፣ 12ኛን ጨርሰው ነጥብ ስላልመጣላቸው ወይ ቤተሰብ ማስተማር ስላልቻለ እዛ የገቡ፣ በሺፍት ስለሚሰሩ ቋሚ የክፍል ሰአት መያዝ አይችሉም። አንዷን አውቃታለሁ፣ ከስራ ስትወጣ እግሯ አብጦ ነው ምትመጣው፣ ግን እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂ በስልኳ እየተማረች ደብተር ሞልታለች፣ ቪዲዮውን እያቆመች ያልገባትን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበትና በማግስቱ ትጠይቀኛለች። ነገ ተሳክቶላት ኮሌጅ ብትገባ ጀነራል ሳይኮሎጂን ከዜሮ ነው ምትጀምረው። ይሄ ነገር በጣም ያመኛል።

አዲስ ነገር ፍጠሩ እያልኳችሁም አይደለም፣ አሜሪካ ክሌፕ ሚባል ፈተና አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከ20 እስከ 80 ይታረማል፣ 50 ያመጣ ሰው ኮርሱን የትም ይማረው የት ፈተናውን ሚቀበሉ ኮሌጆች (ከ2,900 በላይ ናቸው) እንደየደንባቸው ክሬዲት ይሰጡታል። ሞደርን ስቴትስ ሚባል በጎ አድራጎት ደግሞ ለፈተናው ሚያዘጋጀውን ኮርስ በነፃ ያስተምራል፣ ኮርሱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ ይሸፍንለታል። ሀብታም ሀገር ስለሆኑ ነው ካላችሁ ህንድን እዩ። ስዋያም ብለው በመንግስት የነፃ ኮርስ መድረክ ከፈቱ፣ ፈተናው ግን በአካል ማዕከል ተሄዶ ነው ሚወሰደው፣ በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በሴሚስተር እስከ 40 በመቶ ድረስ ኮርሶችን በዚህ መንገድ እንዲቀበሉ ደንብ ወጣ።

ራቅ ማለትም አያስፈልግም፣ ወሎ ይሄን ከጥንት ያውቀዋል። ደረሳ (የእስልምና ሃይማኖት ተማሪ) ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው ሲሄድ ማህተም ይዞ አይደለም፣ አዲሱ ሼህ ኪታቡን ከፍተው "በል ቅራ" (አንብብ) ይሉታል፣ ከቀራ ከዛው ይቀጥላል፣ ካልቀራ ይመለሳል፣ አለቀ።

እናንተም በፈተና ታምናላችሁ'ኮ። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም ያላለፈ አይመረቅም ብላችኋል፣ የአመታት ትምህርት በአንድ ፈተና ሚመዘን ከሆነ አንድ ኮርስ በአንድ ፈተና ማይመዘንበት ምክንያት አይታየኝም። ደሞ ከ2012 ወዲህ የፍሬሽማን ኮርሶች በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ናቸው፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ ኮሚኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ስለዚህ አንድ ፈተና ቢዘጋጅ ደሴም ጅማም ያገለግላል። 5 ሚሊዮን ኮደርስ ሚባለው የኮዲንግ ስልጠና በ2016 ሀምሌ ሲጀመር ወጣቱ ኦንላይን በነፃ ይማር ብሎ የጠራው መንግስት ራሱ ነው፣ ጥሩ ጥሪ ነው፣ ብዙ ጓደኞቼ ሰርተፊኬቱን ወስደዋል፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ቢሆኑና ያንን እውቀት ተፈትነው ማስቆጠር ቢችሉ ደግሞ እንዴት ባማረ!

ምትሉትን አውቃለሁ፣ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ያስፈትናል፣ ኤአይ ይሰራለታል፣ ሰርተፊኬት ይገዛል። ልክ ናችሁ፣ በሀሰተኛ ዲግሪ ስንት የተቸገርን ሀገር ነን። ለዛ ነው ፈተናው በአካል፣ መታወቂያ ታይቶ፣ በናንተ ፈታኝ ይሁን ምለው። ላብራቶሪ ያላቸው ኮርሶች፣ የጤና ሙያ፣ ፕራክቲካል ነገር አይግባበት፣ ነርስ በዩቲዩብ መርፌ ወጋሁ ብላ ክሬዲት እንድታገኝ ማንም አይፈልግም። ከጠቅላላው ፕሮግራም ምን ያህሉ በዚህ መንገድ መሸፈን እንዳለበትም እናንተ ወስኑ፣ በትንሹ ብትጀምሩ እንኳን አመሰግናለሁ። የግል ኮሌጆች ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ቅር ይላቸዋል፣ ይገባኛል፣ ግን አሁን በክፍያ ምክንያት መሀል ላይ ሚያቋርጠው ተማሪ ሁለት ሶስት ኮርስ ቢቀነስለት እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፣ ይሄንንም ያስቡበት።

ቦታ ችግር አይሆንም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፣ በ2014 ጦርነት ተዘርፎና ወድሞ ድጋሚ የቆመ ተቋም ነው፣ ኤግዚት ኤግዛም ደግሞ በኮምፒውተር ነው ሚሰጠው፣ ስለዚህ ፈተና ማይኖርበት ሳምንት ያንኑ የኮምፒውተር ክፍል መጠቀም ይቻላል። ለፈተናው ተመጣጣኝ ክፍያ ጠይቁን፣ በቴሌብር እንከፍላለን፣ በነፃ ይሁንልን ብዬ አላስቸግርም።

ስለዚህ ምንፈልገው ይሄ ነው፦ ለሙከራ አራት አምስት የፍሬሽማን ኮርሶችን ምረጡ፣ ሲላበሱን በግልጽ ልቀቁት፣ ፈተናውን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሞክሩት፣ ያለፈ ሰው ውጤቱ ከባለስልጣኑ በቀጥታ ለኮሌጁ ሬጅስትራር በደብዳቤ ይላክ፣ ያ ደብዳቤ ማህተም ይኑረው። አይሆንም ምትሉ ከሆነም ለምን እንደማይሆን በጽሁፍ መልሱልንና የቱን እናስተካክል እንደሆነ እንወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮምቦልቻ አንድ የኤክስቴንሽን ተማሪ