የችግሩን ልክ ተርጉሙልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዴ ለአባቴ ጋዜጣ ሳነብላቸው፣ ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ የስፖርት ዜና ውስጥ «አሠልጣኙ ገመዱ ላይ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመን። አባቴ ደንግጠው «ምን አጥፍቶ ነው የሚሰቀለው?» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ በአማርኛ ሰውና ገመድ አብረው ሲነሡ ቀድሞ የሚታሰበው ስቅላት ነው። የእንግሊዝኛው «ኦን ዘ ሮፕስ» ግን ከቦክስ መድረክ የመጣ ሲሆን፣ ቡጢ በዝቶበት ገመዱን የተደገፈ፣ ነገር ግን ገና ያልወደቀ ተጋጣሚን ያሳያል። «እየተንገዳገዱ ነው» ቢባል ኖሮ አባቴ ወዲያው በገባቸው ነበር።

«ኢን ሆት ዋተር» የሚለውን «ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባ» ማለት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ሥራው ለወቀሳ ወይም ለተጠያቂነት ስለተዳረገ ሰው ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሙቅ ውሃ ሲባል የሚታወሰው፣ እቴጌ ጣይቱን ስቦ በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው፣ ሕመምተኛም ፈውስ ፍለጋ የሚነከርበት ፍልውሃ ነው። «ስስ በረዶ ላይ ቆሟል» የሚለውም በብርድ ወራት የሐይቁ ውሃ በረዶ ሆኖ በሚጠጥርበት አገር የተወለደ አባባል ስለሆነ፣ በረዶን ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «በቋፍ ላይ ነው» የሚል ልኩን የጠበቀ አነጋገር አለን።

ሥዕሉ ቢዛባ አንባቢ እንደምንም ይገምተዋል፤ የችግሩ ልክ ሲጠፋ ግን የሚያቃናው የለም። መርከብ ከዐለት ጋር መላተሟን የሚያስታውሰው «ኦን ዘ ሮክስ» ስለ ትዳር ሲነገር፣ ትዳሩ ለመፍረስ ተቃርቧል ማለት እንጂ ፈርሷል ማለት አይደለም። ስለ አንድ ኩባንያ «አፒርስ ቱ ቢ ስትራግሊንግ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛም «አፒርስ» የምትለዋን ቃል ያስገባት፣ ያየውን እንጂ ያረጋገጠውን እንዳልጻፈ ለማሳወቅ ነው። አማርኛ ለዚህ «የተቸገረ ይመስላል» እና ጠንከር ያለ ግምት ሲሆን «ሳይቸገር አልቀረም» የሚሉ አነጋገሮች አሉት። ይህ ሁሉ ተዘልሎ «ኩባንያው ከሰረ» ተብሎ ሲታተም፣ ደመወዙን የሚጠባበቅ ሠራተኛና በዱቤ ዕቃ ያስረከበ ነጋዴ ያንኑ ዜና እንደሚያነቡ አይዘንጋ።

ስለዚህ ተርጓሚዎቻችሁ እንዲህ ያለ አባባል ሲገጥማቸው፣ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ባለጉዳዩ ወድቋል ወይስ እየተንገዳገደ ነው፣ ጸሐፊውስ አረጋግጧል ወይስ ገምቷል ብለው እንዲጠይቁ በአክብሮት እለምናለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ