ከሞባይል መተግበሪያ በፊት የቀን መቀየሪያ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ፕሮግራሚንግ መማር ለሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ድረ ገጽ ሥራ» ወይም «የሞባይል መተግበሪያ ሞክር» የሚል ነው። ምክሩ ብዙዎችን ገና በጅምሩ ያስቀራል። የሚጫነው ሶፍትዌርና የገጹ አቀማመጥ ጊዜውን ይበሉበትና መረጃ ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ መልስ መስጠትን ሳይለምድ ይሰለቻል። የመጀመሪያው ፕሮግራም በትእዛዝ መስመር፣ በጥቁሩ መስኮት የሚሠራ ይሁን። ለእኛ ተማሪ ደግሞ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚቀይር ፕሮግራም የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

«7 ወይም 8 ዓመት ደምር» የሚለው ዘዴ ቀኑን አይነግርም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን በማግስቱ የሚብተው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። በልደት ማስረጃ ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ሰውን ያጉላላል።

ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ ፓይተን በተለመደው የዊንዶውስ መጫኛ ሲጫን፣ «ፓዝ» የሚል ቃል ያለባት ትንሽ ሳጥን ምልክት ይደረግባት። ከተዘለለች ጥቁሩ መስኮት ትእዛዙን አላውቀውም ሊል ይችላል። የፋይሉ ስም በነጥብና በ«ፒ ዋይ» ያልቃል፤ ኖትፓድ ግን ከኋላው «ቲኤክስቲ» ሊቀጥልበት ስለሚችል ሲቀመጥ «ኦል ፋይልስ» ይመረጥ። ፋይሉን «ዴትታይም» ብሎ መሰየም ክልክል ነው፦ ፓይተን የራሱን የቀን ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ትቶ የተማሪውን ፋይል ይጠራና ሥራው ይቆማል።

ተጠቃሚው ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ ቀን፣ ወርና ዓመት በክፍት ቦታ ለይቶ ይጽፋል። እነዚህ «ሲስ» በሚባለው ሞጁል «አርግቪ» ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በ0ኛው ቦታ የተቀመጠው የፕሮግራሙ ስም ስለሆነ ቀኑ በ1፣ ወሩ በ2፣ ዓመቱ በ3 ነው። ሦስቱም የሚመጡት በጽሑፍነት ነው፤ በ«ኢንት» ወደ ቁጥር ካልተቀየሩ ስሌቱ ይሰናከላል። የስህተት መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የመጨረሻው መስመር ይነበብ፤ ምክንያቱ እዚያ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው፦

2795 + 365 × (ዓመት − 1) + ዓመት ÷ 4 + 30 × (ወር − 1) + ቀን

ለ4 ሲካፈል ቀሪው ይጣላል፤ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን የጳጉሜን 6ኛ ቀን የሚቆጥረው ይህ ክፍል ነው። በፓይተን ለዚህ ሁለት እዝባር (//) ይጻፋል። አንድ ብቻ ከተጻፈ ውጤቱ ነጥብ ያለው ቁጥር ይሆንና ድምሩን ወደ አውሮፓውያን ቀን የሚለውጠው የቀን ሞጁሉ ትእዛዝ «ፍሮም ኦርዲናል» አልቀበልም ይላል።

1 1 2016 ሲገባ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ 1 1 2017 ሲገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 መውጣት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ድምፅ የማያሰማው ነው። 6 13 2016 ብለው ያስገቡ፤ ጳጉሜን በዚያ ዓመት 5 ቀን ብቻ ነበራት፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም ሳይል ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ለጳጉሜን 6 ቀን፣ ካልሆነ 5 ቀን ይፈቀድ። የሌሎቹ ወሮች ቀን ከ1 እስከ 30፣ ወሩም ከ1 እስከ 13 ይወሰን። ሦስቱ ቁጥሮች ሳይሟሉ ፕሮግራሙ ቢጠራም አጠቃቀሙን የሚያስረዳ አንድ መስመር ለ«ሲስ ኤግዚት» ይሰጥ፤ መልእክቱን አሳይቶ በስህተት ቁጥር 1 ይዘጋል።

ዓምዳችሁ ለጀማሪዎች መልመጃ ሲያወጣ፣ እባካችሁ ከጥያቄው ጋር ሦስት አራት ትክክለኛ መልስ አትሙ፤ እንደ 2015 እና 2019 ያሉ ጳጉሜን 6 ያለባቸው ዓመታትም ይግቡበት። አስተማሪ አጠገቡ የሌለው ተማሪ ፕሮግራሙን የሚፈትሽበት ሌላ መንገድ የለውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የፕሮግራሚንግ አስተማሪ፣ አዲስ አበባ