የቅዳሜው ውይይት፦ የ1936ቱ (እ.ኤ.አ.) የበርሊን ኦሊምፒክ ማራቶን

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በ9፡00 ስለ ሶን ኪ-ጆንግ እንወያያለን። ቦታው ባለፈው የተገናኘንበት ካፌ፣ ፎቅ ላይ ነው።

ሶን ኮሪያዊ ነው። ግን አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች በርሊን ላይ የሮጠው የጃፓንን ማልያ ለብሶ ነው። ስሙም በጃፓንኛ አነባበብ «ሶን ኪቴይ» ተብሎ ተመዘገበ። በ2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈ። ሦስተኛ የወጣውም የአገሩ ልጅ ናም ሱንግ-ዮንግ ነበር። ሁለቱም ሽልማቱ ላይ አንገታቸውን ደፉ። ሶን የተሰጠውን የዛፍ ችግኝ ደረቱ ላይ ይዞ የጃፓንን ባንዲራ ሸፈነው። ያንን ፎቶ ሳየው ሆዴ ይባባል። ዶንግ-አ ኢልቦ የተባለው የኮሪያ ጋዜጣ ባንዲራውን ከፎቶው አጥፍቶ በማተሙ ታገደ፤ ጋዜጠኞቹም ታሰሩ።

እያንዳንዳችሁ ከ1930ዎቹ አንድ ስፖርተኛ መርጣችሁ ለ5 ደቂቃ ታወሩልናላችሁ። አሜሪካዊውን ሯጭ ጄሲ ኦውንስን እኔ ይዣለሁ። የ1938ቱን የጆ ሉዊስና የማክስ ሽሜሊንግ ቦክስ የሚወስድ ቢኖር ደስ ይለኛል። ፎቶ ያላችሁ አምጡ።

የምትመጡ፣ የመረጣችሁትን ስም ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ወንበር የምናስይዘው በቁጥሩ ነው።